ዲግሪ ያላት ሞግዚት ስንት ታወጣለች?

ቴሌግራም ላይ «ሞግዚት ይፈለጋል» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ለአንድ ሳምንት ብቻ ተከታተሉ፤ አንድ ነገር ቶሎ ይገባችኋል። ስለ ሕፃኑ የሚጻፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠባ፣ ሌሊት ማን እንደሚነሳለት፣ እናትየው በምጥ ትውለድ በኦፕራሲዮን አይነገርም። የሚጻፈው ስለ ሞግዚቷ ነው። ንጹሕ የሆነች፣ ታማኝ፣ ተያዥ ያላት፣ ቢቻል የተማረች፣ እንግሊዝኛ ለምትችል ቅድሚያ ይሰጣል። አራስ ልጅ እኮ እንግሊዝኛ አይሰማም። አማርኛውም ገና ነው።

እኔም የተቀጠርኩት በዚያች «ቢቻል የተማረች» በምትለው ቃል ነው። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ዓመት ከምናምን ሆኖኝ ነበር። ሲቪ ያላስገባሁበት ባንክ የለም። አልፎ አልፎ የምጽፈው ጽሑፍ ደግሞ የቤት ኪራይ ድርሻዬን እንኳን አይሸፍንም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ «አክስቴ ልትወልድ ነው፤ ለሦስት ወር ልጁን የምትይዝላት ሰው ትፈልጋለች፤ ግን ዝም ብሎ ሠራተኛ አይደለም የፈለገችው» አለችኝ። የእህቴን ሁለት ልጆች ሳሳድግ ስለነበር ሥራው አላስፈራኝም። ያስፈራኝ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ነበር፤ እሱም የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ለቀቀኝ።

«ዝም ብሎ ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ግን ያዙልኝ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው።

ሥራው ከየት መጣ?

ድሮ ይህ ሥራ ክፍያ አልነበረውም። ሴት ስትወልድ እናቷ ከአገር ቤት ቅቤና የገንፎ እህል ይዘው ይመጣሉ፤ እህት ታክላለች፤ ጎረቤት አጥሚት ያፈላል፤ አራሷ ከአልጋ ሳትወርድ አርባው ቀን ይሞላል። አሁን ያቺ እህት ራሷ ቢሮ ናት፣ ወይም ቤሩት ናት። ጎረቤቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ ስሙንም ላታውቁት ትችላላችሁ።

ሕጉ የሚሰጠው ጊዜም ልኩ የታወቀ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ለአባት የሚፈቅደው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን! በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በሦስት ቀን ገና ቀጥ ብላ መቆም ትማራለች። ለስድስት ሳምንት ያህል ከልጇ የከበደ ነገር እንዳታነሳ ይነገራታል። ባልየው ደግሞ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቷል።

እኔ የገባሁበት ቤት ልክ እንደዚህ ነበር። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። እናትየው በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ባልየው ለሥራ ብዙ ጊዜ ክፍለ ሀገር ይወጣል። እናቷ ከደሴ መጥተው ነበር፤ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃው አልሆነላቸውም፤ ከሦስት ሳምንት በላይ መቆየት አልቻሉም። ሀብታም ቤት እንዳይመስላችሁ። የቤቱን የባንክ ዕዳ እየከፈሉ፣ የዳይፐር ዋጋ በየሳምንቱ እየተገረሙ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

በዚያው ቤት አንዲት ልጅም ነበረች። ዕድሜዋ 19፣ ከወሎ ገጠር የመጣች፣ ደላላ ያገናኛት፣ ሁለት ዓመት የሠራች። የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሲመጣ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ሦስት ፎቅ የምትወጣው እሷ ናት። ስሟን አልጽፍም።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እናትየዋን «እርስዎ» ስላት «ኧረ አንቺ በይኝ፣ እህትሽ ነኝ እኮ» አለችኝ። ልጅቷ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም «እትዬ» እና «እርስዎ» ነበር የምትላት። በዚያው ቀን እኔንም «እትዬ» ብላ ጠራችኝ። በዕድሜ የምንለያየው አምስት ዓመት ነው። «እህቴ በይኝ» ብላት አፍራ ሳቀች፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ግን «እትዬ» እና «እህቴ» እየተፈራረቁ ቀሩ።

አርባ ደቂቃ ሲባዛ አሥር

አራስ ልጅ መያዝ ምን ሥራ አለው የሚል ሰው አይጠፋም፤ «ተኝቶ አይደል የሚውለው?» ይላል። እውነት ነው፣ አራስ ልጅ በቀን 16 ሰዓት ያህል ሊተኛ ይችላል። ችግሩ እንቅልፉ ቁርጥራጭ መሆኑ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አሥር እንበል። አንዱ ጥቢ ከዳይፐር መቀየሩና እስኪያገሳ ትከሻ ላይ ከመያዙ ጋር በትንሹ 40 ደቂቃ ይወስዳል። አሥር ሲባዛ 40 ማለት 400 ደቂቃ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከ40። ይህ ለቅሶው ሳይቆጠር፣ ጨርቁ ሳይታጠብ፣ እናትየው እራሷ ሳትበላ ነው። አንድ ሙሉ የቢሮ ቀን አለቀ፤ ልጁ ግን ጠባ እንጂ ሌላ ምንም አልተሠራም። ለቅሶው ደግሞ ወደ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ነው እየቀነሰ የሚሄደው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ቢያንስ «ልጁ ምን ሆነብኝ» ብሎ አይደነግጥም። በጣም ሲመርር ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ለሁለት ደቂቃ ዞር ማለት ይቻላል። መነቅነቅ ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ የአራስ ልጅ አንገት ጭንቅላቱን አይሸከምም፣ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል።

የእኔ ሥራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ነበር። ልጁ የጠባበትን ሰዓት በደብተር እጽፋለሁ፣ የረጠበ ዳይፐር እቆጥራለሁ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በቂ ወተት እያገኘ ነው ማለት ነው። እትብቱ ወድቆ እስኪደርቅ ድረስ ንጽሕናውን እጠብቃለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ እናትየው እንድትተኛ በር እዘጋለሁ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ዋናው ሥራዬ ልጁ እንዳይሳም መከላከል ነው። ይኼ ከሁሉም ይከብዳል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ዕቃ ተሸክማ ሦስት ፎቅ የወጣች ሴትዮ ፊቱን አትሳሚ ስትባል ምን እንደሚሰማት መገመት ነው።

እማማም ነበሩ። ፀሐይ በበረታ ቁጥር «እስቲ ጠብታ ውሃ አቅምሱት፣ ጉሮሮው ደረቀ» ይላሉ። አንድ ቀን ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ይዘው አየኋቸው። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንደማይሰጥ በጨዋ ቋንቋ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በቅቤ ነው» አሉኝ። ክርክሩን የፈታችው ልጅቷ ናት። «እማማ፣ ቅቤውን ለገንፎው ያድርጉት፤ እናቲቱ ስትበላው ለልጁም በጡቷ ይደርሰዋል» አለቻቸው። እማማም ደስ ብሏቸው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ እንዲህ ያለ መልስ አይመጣልኝም።

የሌሊቷ ሞግዚት

ምሽት 11 ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ልጁ አይወጣም። ሌሊትም አሥር ሰዓት አለው፤ ከዚያም በላይ። ያንን ማን ይሠራዋል ብዬ የጠየቅኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጅቷ ሌሊት ሦስት ጊዜ ያህል ትነሳለች። ልጁን አንስታ ለእናቱ ትሰጣለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፣ እስኪያገሳ ትይዘዋለች፣ ታስተኛዋለች። ከዚያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስታ ቁርስ ትሠራለች። ለዚህ የተጨመረላት ነገር አልነበረም። የጠየቀም የለም፣ የከለከለም የለም። እንዲሁ በዝምታ ሥራዋ ላይ ተደረበ።

ልጁ 17 ቀን በሞላው ሌሊት፣ 9 ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ልታስጠባው አነሳችው። አልነቃም። ጡቱ ላይ ቢያደርጉትም አልያዘም። እናትየው በእንቅልፍ ደክማ «ጠግቦ ነው፣ ተይው ይተኛ» አለቻት። ልጅቷ አልተወችም። እግሩን ዳሰሰች፣ ደረቱን ዳሰሰች፣ ሙቀት መለኪያውን አምጥታ ሰጠቻት። 38.4። በራይድ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ከአንድ ወር በታች ያለ ልጅ ሲያተኩስ እስኪነጋ አይጠበቅም ብሎ ወዲያው አስተኛው፤ ኢንፌክሽን ነበር። ለአንድ ሳምንት መድኃኒት በደም ሥሩ እየተሰጠው ዳነ።

ጠዋት ስደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ልጅቷ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። እንዴት አወቅሽ አልኳት። «ጡት እምቢ ያለ ልጅ ደህና አይደለም» አለችኝ። ቀጥላም፣ ቀና ሳትል፣ «እናቴ ሁለት ቀብራለች። ሁለተኛውን እኔ ነኝ ይዤው የነበርኩት» አለች።

ከዚያ ሽንኩርቱን ልጣ ጨረሰች።

«ሞግዚቷ እኮ የተማረች ናት»

ልጁ ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ጠያቂው በረከተ። ታሪኩም በየቀኑ ይነገራል። በሦስተኛው ቀን አንዲት የቤተሰቡ ወዳጅ ሳሎን ተቀምጠው ለሌላዋ እንግዳ ሲያስረዱ ሰማሁ፦ «ሞግዚቷ እኮ የተማረች ናት፣ ዲግሪ አላት። እሷ ናት ነቅታ ያወቀችው። ለዚህ ነው የተማረ ሰው መቅጠር!» ልጅቷ በዚያው ሰዓት ቡና እየቀዳች ነበር። «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ሌሊት እዚህ አልነበርኩም፣ እሷ ናት» አልኩ። ሴትዮዋ ሳቁ። «ትሑትም ናት» አሉ።

ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ማይክል ስፔንስ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቀጣሪ የሠራተኛውን ችሎታ በዓይኑ ማየት አይችልም። ስለዚህ የሚታይ ምልክት ይፈልጋል፤ ለምሳሌ ዲግሪ። ዲግሪው የሰውየውን የመሥራት አቅም ምንም ባይጨምር እንኳን፣ ምልክት በመሆኑ ብቻ ደመወዝ ያስጨምራል። ፈተና ላይ ይህን ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ሳሎን ውስጥ ቡና በእጄ ይዤ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ምክንያቱም ምልክቱ ሲሠራ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ለእኔ የማላውቀውን ያሳውቀኛል። ሁለተኛ፣ ልጅቷ የምታውቀውን ያጠፋባታል። አምስት ታናናሾቿን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችበት ልምድ የትም የምስክር ወረቀት የለውም። የሰው ዓይን የሚያየው የልብስ ማጠቢያ ሳሙና የላጠው እጇን ነው።

ክፍያችንን በብር አልጽፈውም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብር ቁጥር ቶሎ ያረጃል። ንጽጽሩ ግን አያረጅም። የእኔ የወር ክፍያ የእሷን ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር። እኔ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት፣ በድምሩ 60 ሰዓት እሠራለሁ። እሷ ከንጋት 12 እስከ ምሽት 4 ሰዓት ትሠራለች፤ የምግብና የዕረፍት ሁለት ሰዓት ቀንሱላት፣ 14 ይቀራል። የሌሊቱን ሦስት ሰዓት ጨምሩ፣ 17። ሰባት ቀን፣ 119 ሰዓት። በሰዓት ሲካፈል እኔ የማገኘው ከእሷ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ምግብና መኝታዋ ይታሰብ ትሉ ይሆናል። ይታሰብ፤ ሳሎን ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ልዩነቱን አይሞላውም።

«እንደ ልጄ ነው የማያት»

ይህን ሒሳብ ለእናትየው ያሳየኋት ልጁ ክርስትና ከመነሳቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ለወንድ አርባኛው ቀን ነውና ቤቱ ድግስ ላይ ነበር፤ ድግሱም በልጅቷ ትከሻ ላይ። እናትየው የሒሳብ ሰው ስለሆነች ቁጥር አይከብዳትም። ወረቀቱን አይታ መጀመሪያ ያለችኝ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ነው፦ «እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማያት።»

የውሸት አልነበረም። ሲያማት አሳክማታለች፣ ለዓመት በዓል ልብስ ገዝታላታለች። ግን «እንደ ልጄ» የሚለው ቃል አንድ ጉድ አለው። አርተር ፒጉ የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አንስቶት ነበር። አንድ ሰው ቤቱን ለምትሠራለት ሴት ደመወዝ ሲከፍል ሥራዋ በአገሪቱ ገቢ ውስጥ ይቆጠራል፤ ሰውየው ያገባት ቀን ግን ያው ሥራ ከቁጥሩ ይወጣል። ሥራው አልተለወጠም፣ ዝምድናው ነው የተለወጠው። እኛ ቤት ደግሞ ማግባትም አላስፈለገም። «እንደ ቤተሰብ ናት» ማለት በቂ ነው፤ ሌሊቱ ከሒሳብ ይወጣል። ነገር ግን እውነተኛ ልጅ ሲደክማት «ደከመኝ» ብላ ትተኛለች። የቤተሰብ ግዴታው ሲኖር የቤተሰብ መብቱ ከሌለ ያ ሌላ ስም ያለው ነገር ነው።

ሕጉስ? አዋጅ 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ሥራን አይሸፍንም፤ የሥራ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር። እኔ ስሠራ ደንቡ አልወጣም። የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ውስጥ አሠሪው ጋ ስለምትኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ መኖሪያዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋን የሚጠብቅ መሆን አለበት ይላሉ። ጥሩ ነው። ስንት ሰዓት ግን አይሉም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ዋጋ የሚተምነው ሕግም ገበያም አይደለም። ሁለት ሴቶች ወጥ ቤት ቆመው የሚነጋገሩት ነገር ነው። አንዷ መነጋገር ካልቻለች፣ ዋጋው ዝምታዋ ነው።

ሒሳቡ ወደ እኔ ዞረ

እናትየው ለሁለት ቀን ምንም አላለችኝም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተኝቶ ሳለ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ለሌሊቱ ልከፍላት ፈልጌያለሁ፤ ግን ለሁለታችሁም እንዲህ ከከፈልኩ ወደ ሥራ ስመለስ ከደመወዜ የሚተርፈኝ የለም። የምሠራው ለእናንተ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ትክክል ናት። የእሷ ጥብቀት፣ የልጅቷ ሌሊት፣ የእኔ ኪራይ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያችው አንድ ደመወዝ ነው። የሦስት ቀን ፈቃድ የተሰጠው አባት፣ የሕፃናት ማቆያ የሌለው መሥሪያ ቤት፣ ውሃ የማይወጣበት ፎቅ፣ የእነሱ ሁሉ ዕዳ መጥቶ ያረፈው እነዚህ ሦስት ሴቶች ላይ ነው።

ውሳኔዋ ይኼ ነበር። እኔ በሦስት ወር ፋንታ በሁለት ወር እጨርሳለሁ። ልጅቷ ሞግዚት ትሆናለች፣ በሞግዚት ክፍያ። ለልብስና ለጽዳት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የምትመለስ ሴት ትቀጠራለች። እሑድ ለልጅቷ የራሷ ነው።

በራሴ ሒሳብ ራሴን ከሥራ አስወጣሁ ማለት ነው። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። የአንድ ወር ክፍያ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ያንን ወር ከጓደኛዬ ተበድሬ ነው ኪራይ የከፈልኩት። ግን ደብተሩን ደጋግሜ ብደምረው ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት አብረን ሠራን። እኔ የማውቀውን አሳየኋት፤ ለምሳሌ እናትየው ሥራ ስትገባ የምታልበው ወተት ክፍል ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ እንደማይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ ግን አራት ቀን እንደሚቆይ፣ የክትባት ቀኖቹ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንደሆኑ። እሷ ደግሞ የረሃብ ለቅሶንና የእንቅልፍ ለቅሶን መለየት አስተማረችኝ። የእኔ ትምህርት ወረቀት ላይ ስለተጻፈ አሁን እሷም አላት። የእሷ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

ስምምነታቸውን በአንድ ገጽ ጻፍነው። ልጅቷ ቀስ ብላ ስለምታነብ፣ እናትየው ጮክ ብላ አነበበችላት። ጨርሳ «የምትጨምሪው አለ?» ስትላት ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና «የማታ ትምህርት ሲከፈት ልማር» አለች። ተጻፈ።

ለመቅጠርም ለመቀጠርም

ሞግዚት ልትሆኑ ለምታስቡ፣ ወይም ልትቀጥሩ ለምትፈልጉ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይጻፍ፤ ሌሊት ካለ ሌሊቱ ለብቻው ዋጋ ይኑረው። ምን እንደማይጨምርም ይጻፍ፤ ምግብ ማብሰል፣ የአዋቂ ልብስ ማጠብ፣ ድግስ። የዕረፍት ቀን፣ የክፍያ ቀን፣ ሲያም ምን እንደሚሆን። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለሠራተኛዋ። ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት።

ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ እነዚህን ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አራስ ልጅ ጡት እምቢ ካለ፣ ለመንቃት ከከበደው ወይም ከወትሮው ውጪ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ወይም በማንኛውም ጊዜ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም። ስልክ ቁጥሩን፣ የታክሲ ገንዘቡን፣ ማን እንደሚወስነው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሌሊት የምትነሳው ሠራተኛ ከሆነች «ቀስቅሺኝ፣ አልቆጣም» ብላችሁ በግልጽ ንገሯት። በብዙ ቤት ሠራተኛ ጌቶቿን ለመቀስቀስ ትፈራለች።

ማስታወቂያ የምትለጥፉ ከሆነም ስለ ሥራው ጻፉ። ስንት ሰዓት ነው፣ ሌሊት አለው ወይ፣ ልጁ ስንት ቀኑ ነው፣ ክፍያው ስንት ነው። ማን ትምጣ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዲግሪ ያላት ብትመጣም፣ አምስት ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች ብትመጣም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚነሳው ልጅ ያው ነው። ዋጋውም ያው መሆን አለበት።